ከቡልቡላ ወደ ገለልተኛው ዳኛ

ከጠዋቱ 12፡20፣ ቦሌ ቡልቡላ

የጉዞ ጸሐፊዎች በረሃ ያቋርጣሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። እኔ ዛሬ ከቦሌ ቡልቡላ ሩዋንዳ ነው የምሄደው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አትሳቁ። የምንሄደው ዳኛ ዘንድ ነው፣ ለዚያውም ገለልተኛ ዳኛ ዘንድ፤ እንዲህ ያለውን ፍጡር ፍለጋ በጠዋት የተነሳ ሰው ደግሞ ስንቁን ቋጥሮ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ዘነበችን ከብሎካችን በር ላይ አገኘኋት። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ አርባን ትንሽ አለፍ ብላለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ከኋላዋ ገና ያልተለሰኑ ሕንፃዎች፣ የአሸዋ ክምር፣ ውኃ ለመቅዳት የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካን፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ አንድ ጊዜ ጤፍ ይዘራበት የነበረ ባዶ መሬት። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ከራሳችን በላይ ያልፋል።

ዘነበች አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ባለ አንድ አበባ ላኪ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው። አበባው እስኪጫን ድረስ የሚቆይበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ሠራተኞቹ “ፍሪጁ” ይሉታል። እሷ ፍሪጁ ውስጥ ካርቶን ትደረድራለች፣ ፈረቃዋንም ታስተባብራለች። ከሁለት ወር በፊት እሷን ጨምሮ ስምንት ሴቶች በሦስት የብርድ ጃኬት ገቡ። አንደኛዋ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ካርቶን እንዳቀፈች ወደቀች። ዘነበች ሰባቱንም ይዛ ወጣችና ሃያ ደቂቃ ፀሐይ አሞቀቻቸው። በማግስቱ ደብዳቤ ተሰጣት፤ “ሥራ በማስተጓጎልና ሠራተኛ በማሳመፅ” ተሰናብተሻል ይላል።

የምትፈልገው ሥራዋን ነው። ሌላ ቦታ እንዳትቀጠር ያ ደብዳቤ እግር እግሯን ይከተላታል፤ ሁለት ድርጅት ሄዳ ሁለቱም ደብዳቤውን አንብበው በትህትና ሸኝተዋታል። ድርጅቱና የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሳ በጋራ የመረጡት የግልግል ዳኛ እንዲፈርድ በኅብረት ስምምነታቸው ተፈራርመዋል። የጥሪው ወረቀት “ፈጣን፣ ነፃና ገለልተኛ” ይላል። ፍርድ ቤት ዓመት ይፈጃል፤ ይህኛው በአንድ ቀን ያልቃል።

ሊቆምላት የነበረው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ትናንት ደውሎ አስቸኳይ ስብሰባ እንደገጠመው ነገራትና የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ሂጂ አላት። እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጋዜጣ ላይ ትንሽ ዓምድ ስላለኝ በብሎካችን እንደ ሊቅ እታያለሁ።

“ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ መናገር ይችሉበታል” አለችኝ።

“እሱስ አይቸግረኝም” አልኳት። ይህን ስል ኮራ ብዬ እንደነበር አልደብቃችሁም።

1፡15፣ መንገድ ላይ

ሃያ ደቂቃ ተሰልፈን ሚኒባስ አገኘን። እኔና ዘነበች ጋቢና ገባን። ሾፌሩ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና፣ የወንበሩ ጀርባ ላይ ፎጣ ያነጠፈ ሰው ነው። አዲሱ አስፋልት ዳር ዘንባባ ተተክሏል፣ የብስክሌት መንገድ ተቀብቷል፤ ብስክሌት ግን የለም፣ በብስክሌቱ መንገድ ላይ ሰው ተሰልፎ ታክሲ ይጠብቃል። አንዲት ሴት ከአጥሩ ሥር በቆሎ ትጠብሳለች። አንዱ እሸት ሠላሳ ብር ነው፤ ጠይቄ ተውኩት።

ሾፌሩ ነጠላዋን አየና “ለቅሶ ነው?” አለ።

“ዳኛ ዘንድ ነው” አልኩት። ነገሩን ባጭሩ አስረዳሁት።

“ፍርድ ቤት ያልሆነ ዳኛ?” አለና ዞር ብሎ አየኝ። “እንግዲህ ታርቃችሁ ትመጣላችኋላ።”

“እኔ አልተጣላሁም” አለች ዘነበች። “ከሥራ ነው ያባረሩኝ።”

“እሱማ ነው። ግን ያስታርቁሻል። እኔ ባለፈው መኪናዬን ከኋላ ከገጨኝ ሰውዬ ጋር ‘በቃ ይቅር ተባባሉ’ ብለውን ስቀን ተለያየን። ፓራውልቱን ያሠራሁት ግን እኔ ነኝ።”

ሳቅሁ፤ ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩት። ዘነበች አልሳቀችም።

2፡30፣ ሩዋንዳ

ሩዋንዳ የቦሌ ኩሩ ሠፈር ነው። የእንግዳ ማረፊያ፣ አጥሩ ላይ ሽቦ የጠመጠመ ኤምባሲ፣ በር ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰ ጥበቃ፣ የቡና ቤት ወንበር ላይ በጠዋቱ ላፕቶፕ የዘረጋ ጎረምሳ። ስለ ሥራ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ሲሠራ ያየሁት ግን ያስፋልት ጠራጊዋን ብቻ ነው።

የጥሪው ወረቀት አንድ ባለ መስተዋት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ይላል። አሳንሰሩ አይሠራም። በደረጃ ወጣን። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ወርቃማ ፊደል አለው፣ የሚዛን ሥዕል አለው፣ በሩ ደግሞ ቁልፍ አለው። አንኳኳን፤ መልስ የለም።

ጥበቃው ከታች ተጠራ። “እዚህ ዳኛ ኖሮ አያውቅም” አለን በሙሉ ልብ። “አንዳንዴ ሰውዬው መጥተው ፖስታ ይወስዳሉ።”

የዘነበች ስልክ ጮኸ። የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሪት ሳምራዊት ናት። ቦታው ተቀይሯል፤ ለሁሉም ወገን ይመች ዘንድ እዚያው ሩዋንዳ ያለ ሆቴል ሆኗል፤ አዳራሹንም ድርጅቱ ይዞታል። “ለሁሉም ወገን” የሚለውን ማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት።

4፡10፣ ሆቴሉ

የአዳራሹ ስም የአንድ ወንዝ ስም ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ የታሸገ ውኃ፣ ማስቲካ በሰሐን። አንድ ማኪያቶ መቶ አርባ ብር ነው። ሳምራዊት ቀድማን ደርሳለች፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ፈገግታዋ ለስላሳ፣ ላፕቶፕዋ ቀጭን። ዘነበችን ስታይ ተነስታ ሳመቻት።

“ዜኒዬ፣ ጠፋሽ እኮ! ሪሊ ናፍቀሽናል” አለቻት።

“አባራችሁኝ እኮ ነው” አለች ዘነበች።

ገለልተኛው ዳኛ አራት ሰዓት ከሃያ ደረሱ። በመስኮት አየኋቸው፤ ከነጭ ፒክ አፕ ነው የወረዱት፣ በፒክ አፑ በር ላይ ደግሞ የድርጅቱ ጽጌረዳ ተሥላለች። ሹፌሩ ቦርሳቸውን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ሙሉ ልብስ፣ ቀይ ከረባት፣ ኪስ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ። ገብተው ለእያንዳንዳችን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ትህትናቸው የእውነት ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም።

“መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው” አሉ ሳንጠይቃቸው። ቀጥለው ስለ ገለልተኝነት ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። የግልግል ዳኛ ወደዚህም ወደዚያም አይልም። የግልግል ዳኛ ዘመድ የለውም። እሳቸው በውጭ አገር ሦስት ሥልጠና ወስደዋል፤ የምስክር ወረቀቱንና የምረቃውን ፎቶ በስልካቸው አሳዩን። ፎቶው ላይ ከሁሉም ሠልጣኞች መሀል ቆመዋል።

ቃለ ጉባኤ ያዣቸው አልመጣችም። “ድርጅቱ ቢተባበረን” አሉ። ሳምራዊት ላፕቶፕዋን ወደ ራሷ ሳበችና “ኖ ፕሮብለም፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ” አለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንዷ ተከራካሪ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነች። እኔ መቃወም ሲገባኝ ማስታወሻዬ ላይ ይህችኑ ቀልድ አሳምሬ ስጽፍ ነበር።

ዘነበች ተጠየቀች። በሳቅም በለቅሶም አልተናገረችም፤ እንደ ሆነው አድርጋ ተናገረች። ስምንት ሰው፣ ሦስት ጃኬት። የወደቀችው ልጅ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ስሟን መናገር አቅቷት ነበር። ለተቆጣጣሪው ሦስት ጊዜ ነግራዋለች።

“በጽሑፍ?” አሉ ዳኛው።

“ፍሪጅ ውስጥ ቆሜ? እጄ እስክሪብቶ አይዝም እኮ።”

ዳኛው ሳቁ፤ ሳምራዊትም ሳቀች። ስትስቅ መጻፉን አቆመች።

“በእኛ ሪከርድ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ጃኬት አለ” አለች። “ይሄ ክሊር ነው።”

“እንግዲያው ቦታው ድረስ ሄደን እናያለን!” አሉ ዳኛው፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ አድርገው። ደስ አለኝ። በመጨረሻ ከወንበራቸው የሚነሱ ዳኛ አገኘን ብዬ ለዘነበች ጠቀስኳት።

6፡30፣ ምሳ

ግን መጀመሪያ ምሳ። “ሁለቱም ወገን ከአንድ ማዕድ ይብላ” አሉ ዳኛው። ጥብስ በሸክላ ድስት እየተንጣጣ መጣ፣ ቃሪያ፣ አዋዜ፣ ሰላጣ። ሒሳቡ በድርጅቱ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ዘነበች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ውኃዋን እንኳ ሳትነካ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

“ልጄ፣ ኩርፊያው ገበታም ላይ ነው?” አሉ ዳኛው።

“ጾም ነው፣ አባቴ።”

“እሰይ፣ እሰይ። ጾም ልብን ያለሰልሳል” አሉና ለራሳቸው ጎረሱ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ለእኔ ዘረጉ። እኔ በሐኪም ትእዛዝ አልጾምም። አፌን ከፈትኩ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛም ጎርሻለሁ።

7፡50፣ የመጋዘኑ በር

አውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ያለው መንገድ የከባድ መኪና ሠልፍ ነው። ጭነት መኪኖቹ ሞተራቸውን አላጠፉም፤ አየሩ ናፍጣና እርጥብ ቅጠል ይሸታል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ጥላ ሥር ቆመው ሽሮ በዳቦ ይበላሉ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ግዙፍ የአውሮፕላን ጭራ ቀይና ቢጫ ተቀብቶ ቆሟል።

በሩ ላይ ዘበኛው የዘነበችን መታወቂያ ጠየቀ። ሰጠችው። ማሽኑ ላይ አደረገው፤ ቀይ በራ።

“እትዬ ዘኑ፣ አይሠራም። ተዘግቷል” አለ አንገቱን ደፍቶ። ያውቃታል፤ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሰላም ያላት ሰው ነው።

“የተሰናበተ ሠራተኛ ግቢ መግባት በፖሊሲያችን አይፈቀድም” አለች ሳምራዊት። “አይ አም ሶ ሶሪ።”

“እኔስ?” አልኩ።

“እርስዎ ከእሷ ጋር ነዎት።”

ዳኛው አገጫቸውን አሻሹ። ከዚያ ብቻቸውን ቢያዩትም ገለልተኝነታቸው እንደማይጓደል አረጋገጡልንና ከሳምራዊት ጋር ገቡ። ሴትዮዋ የተባረረችው ክፍሉ ውስጥ በሆነ ነገር ነው፤ ክፍሉ ሲታይ ግን ስለተባረረች መግባት አትችልም። ይህን ያስተማራቸው የትኛው የውጭ አገር ሥልጠና እንደሆነ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ። እኔና ዘነበች ከአጥሩ ጥግ በድንጋይ ላይ ተቀመጥን። “ያቻት በሯ” አለችኝ በጣቷ። ግራጫ በር ናት። አሥራ አንድ ዓመት በዚያች በር ገብታለች።

“እዚያ ያሉት ልጆች ‘ስትመለሺ’ ነው የሚሉኝ” አለች ቆይታ። “‘ብትመለሺ’ አይሉም።”

ዳኛው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጡ። ከሙሉ ልብሳቸው በላይ ወፍራም ሰማያዊ የብርድ ጃኬት ደርበዋል፤ አፍንጫቸው ቀልቷል፣ መዳፋቸውን ያፋትጋሉ።

“ብርድስ አለ!” አሉ። “ግን ስምንት ጃኬት በስምንት መስቀያ ላይ ቆጥሬያለሁ። ይኸው አንዱን አልብሰውኛል።”

ዘነበች ተነሳች። ዳኛው ጋ ጠጋ ብላ የአንገታቸውን ጀርባ አየች። የዋጋው ካርቶን በፕላስቲክ ክሩ እንደተንጠለጠለ ነው።

“አባቴ፣ ይሄ ጃኬት አዲስ ነው። ምልክቱ አልተቆረጠም።”

ዳኛው እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደዱ። ካርቶኑን አገኙት። ዳሰሱት። ወደ ሳምራዊት ዞረው አዩዋት፤ እሷም ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በውስጤ ‘አለቀ፣ ረታን’ አልኩ። ዘነበች ፌስታሏን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

9፡15፣ እንደገና ሆቴሉ

ስንመለስ ዳኛው ተለውጠዋል። ካርቶኗ ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ናት፤ በጣታቸው ይገለብጧታል። ከረባታቸውን አላሉ።

“እንግዲህ አሁን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አባት ልናገር” አሉ። “የእንጀራ ጉዳይ ነው። ድርጅቱም ቤቷ ነው። ነገሩን በፍቅር ብንጨርሰው ምናለ? ተነሱና ይቅር ተባባሉ። ዘነበች ልጄ፣ ከድርጅቱ አንቺ ታንሻለሽ፣ ቅደሚ።”

አገር ያወቀው ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ተነሺ ሲል ይነሳሉ፤ በደለኛውም የተበደለውም “ካጠፋሁ” ይላል፤ ከዚያ መሳሳም አለ፣ ከዚያ ነገሩ ይለሰልሳል። እኔ በሕይወቴ በዚህ መንገድ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ሰውዬው ካርቶኗን አይተው ሊመልሷት ወስነዋል፣ ድርጅቱ እንዳያፍር ትንሽ ክብር ይፈልጉለታል ብዬ ገመትኩ። ብልጠቴ ለራሴ ደስ አለኝ።

ዘነበች ወደ እኔ ዘንበል አለች። “ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምለው?” አለች ቀስ ብላ።

“ለደንቡ ነው። ምን ይጎድልብሻል?” አልኳት።

አልተነሳችም። በክርኔ ጎኗን ጎሰም አደረግኋት።

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። “ካጠፋሁ ይቅርታ አድርጉልኝ” አለች። ሳምራዊት ዘላ መጥታ ሦስት ጊዜ ሳመቻት፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር፣ የውሸት አልመሰለኝም። ዳኛው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሳምራዊት ወደ ላፕቶፕዋ ተመለሰችና ጣቶቿ ረዘም ላለ ጊዜ ሠሩ።

10፡30፣ ውሳኔው

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ከቃለ ጉባኤው ላይ ነው የሚያነቡት።

“ሠራተኛዋ በነፃ ፈቃዷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጥፋቷን በማመን ይቅርታ ጠይቃለች። ድርጅቱም ይቅርታዋን በቅንነት ተቀብሏል። ጥፋቱ በራሷ አንደበት የታመነ ስለሆነ ስለ ጃኬቱ ተጨማሪ ማስረጃ መመርመር አላስፈለገም። ስለዚህ ስንብቱ ሕጋዊ ነው ተብሏል።” ቀና ብለው አዩንና ጨመሩ፤ “ቂም ግን የለም።”

ለአፍታ ያነበቡትን የሰማሁ አልመሰለኝም።

“አላመነችም!” አልኩ ተነስቼ። “ካጠፋሁ ነው ያለችው! ይሄ የሽምግልና ወግ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል!”

“እኔማ አውቃለሁ” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። “ግን ያላጠፋ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሷም ልትቀመጥ ነበር። በክርንዎ ጎሰም ያደረጓት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አይቻለሁ እኮ። ጥሩ ሽማግሌ ነዎት።”

ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ በቀይ ከረባታቸው፣ በፒክ አፓቸው፣ በሥልጠናቸው ስስቅ ውያለሁ። ሰውዬው ግን እኔ ያላየሁትን እኔን አይተዋል። ካርቶኗን ፈለግኋት፤ ጠረጴዛው ላይ የለችም። አስተናጋጁ ከማስቲካው ወረቀት ጋር ጠርጎ ሰብስቧታል።

ሳምራዊት ወረቀቱን አተመች። ዘነበች እንድትፈርም እስክሪብቶ ከፊቷ አኖሩላት። ዘነበች ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችና እስክሪብቶውን ሳትነካ ወረቀቱን ወደ ዳኛው ገፋችው።

“ኮፒውን ብቻ ስጡኝ” አለች።

ዳኛው መንገዳቸው በዚያ ስለሆነ ድርጅቱ በመኪናው ቡልቡላ ያደርሳችኋል አሉን። እኔ እግሬ ዝሎ ስለነበር ቶሎ እምቢ አላልኩም። ዘነበች ግን ከአዳራሹ ወጥታ ደረጃውን እየወረደች ነበር።

11፡40፣ የታክሲ ሠልፍ

ቦሌ መብራቱን እያበራ ነው። ሠልፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ የአንድ ካፌ በር ዘግቷል። ከፊታችን የቆመች ሴትዮ የሽንኩርት ዋጋ ለሁሉም ሰው ትናገራለች። ደመናው ጠቆረ፤ ጥቂት ጠብ ጠብ አለና ተወ። አንድ ሰዓት የሚጠጋ ቆምን። ዘነበች ስለ ዳኛው አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ስለ ሳምራዊትም። እኔ ግን አላረፍኩም። ሰውዬው የተገዛ ነው አልኩ፤ ከመነሻው ተዘጋጅቶበት ነው አልኩ፤ በሚቀጥለው ዓምዴ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ አልኩ።

“ይንገሯቸው” አለች።

ሚኒባስ ውስጥ ለሁለት ተለያይተን ተቀመጥን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የማየው የነጠላዋን ጥለት ብቻ ነው።

1፡05፣ ቡልቡላ፣ የብሎካችን ደረጃ

የደረጃው መብራት ተቃጥሏል። ከእኔ በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

“ጋሽ ታደሰ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ ነው የዋሉት።”

“አዎ።”

“የጎሰሙኝንስ ጽፈውታል?”

ማስታወሻዬን አወጣሁ። እሷ በስልኳ መብራት አበራችልኝ። የማኪያቶው ዋጋ አለ። ሾፌሩ ያለው አለ። የፒክ አፑ ጽጌረዳ፣ የዳኛው ሦስት እስክሪብቶ፣ የጥብሱ ድስት ሳይቀር አለ። የዘጠኝ ሰዓት ከሩቡ ገጽ ላይ “ዳኛው ተለውጠዋል” ይላል፣ ቀጥሎ “ተነሳች” ይላል። በመሀል ምንም የለም።

“አልጻፍኩትም” አልኩ። “ዘነበች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“ይቅርታ በቃኝ” አለች። ተቆጥታ አይደለም የተናገረችው፣ ደክሟት ነው። “ነገ ፍርድ ቤት ሄጄ ውሳኔው እንዲሻር አመለክታለሁ። የማይሻር ነው ይሉኛል፣ ግን አመለክታለሁ። ‘ሳታምኚ ለምን ተነሳሽ?’ ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት እፈልጋለሁ። ይጻፉልኝና ይፈርሙበት።”

ስሜ ፍርድ ቤት ሲነበብ ታየኝ። ከብሎካችን እስከ ጋዜጣው ቢሮ ሰው ሁሉ ሲሰማው ታየኝ። “ነገ በጠዋት አስቤበት…” ብዬ ጀመርኩ። ዘነበች አልሄደችም፤ መብራቷንም አላወረደችም።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከላይ ስለ ይቅርታው ያነበባችሁት የተጻፈው ያኔ ነው። ስጨርስ ገጹን ቀድጄ ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ፣ እንደ ቃለ ጉባኤው ሁሉ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

“‘እንድትነሳ በትህትና መከርኳት’ ይላል” አለች። “አልመከሩኝም። እምቢ ስል ነው የጎሰሙኝ።”

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሰረዝኩት፤ ጎሰምኳት ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።